መኪናውስ ተሰናድቷል?

ክረምቱ አልፎ፣ ጭቃው ደርቆ፣ ሜዳው በአደይ አበባ ሲያጌጥ የከተማ ሰው ልብ ወደ መንገድ ይሸፍታል። መስከረም 17 ቀን መስቀል ይከበራል፤ ታኅሣሥ 29 ቀን ገና፣ ጥር 11 ቀን ደግሞ ጥምቀት ይከተላል። ዓመቱን ሙሉ በቢሮና በፋብሪካ፣ በሱቅና በማጀት ሲደክም የከረመ ቤተሰብ ዘመድ ለመጠየቅ ወይም ልጆቹን ሐይቅ ዳር ወስዶ ለማናፈስ ጓዙን የሚሸክፈው በእነዚህ ወራት ነው።

በጉዞ ዋዜማ ቤታችን ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቀዋለን። እናት ከሳምንት በፊት ጀምራ ዳቦ ቆሎውን ታዘጋጃለች፤ የልጆቹን ልብስ አጥባ ትተኩሳለች፤ ለአያት የሚወሰደውን ቡናና ስኳር ትቋጥራለች። ሌሊቱ ሲጋመስ አራት ሻንጣና ሁለት ዘንቢል በበሩ ሥር ተደርድረው ይታያሉ። ሁሉ ነገር ተሰናድቷል። ያልተሰናዳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ያን ሁሉ ጓዝና ያን ሁሉ ነፍስ ተሸክሞ የሚሄደው መኪና ነው። የክረምቱ ጭቃ እንኳ ገና አልለቀቀውም።

ይህ ለምን ይሆናል? በብዙ ቤቶች “ሻንጣው የእናት፣ መኪናው የአባት” የሚል ያልተጻፈ የሥራ ክፍፍል ስላለ ነው። አባት ደግሞ መኪናው በየቀኑ ከቤት ወደ ሥራ ሲመላለስ ስላላስቸገረው “ደህና ነው” ይላል። ነገር ግን በከተማ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ፣ በቀዝቃዛ አየር፣ በዝግታ የሚሄድ መኪና ደህና መሆኑ፣ ቤተሰቡን ከነጓዙ ጭኖ በቆላ ፀሐይ ለአምስትና ለስድስት ሰዓት ሲበርም ደህና ይሆናል ማለት አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ይህን የተማረችው በችግር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመስከረም ማለቂያ ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ስትመለስ፣ አምስት ሰው በሚይዝ መኪና ውስጥ አምስት አዋቂዎችና ሁለት ልጆች ተጭነው ነበር። የሰባት ዓመቷ ልጇ እናቷ ጭን ላይ ተኝታለች። መቂ ሲደርሱ ሽንኩርቱ ረክሶ አገኙትና ግማሽ ኩንታል ገዝተው ከኋላ ጨመሩበት። ከመቂ ወጥተው ብዙም ሳይርቁ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ የኋላው ቀኝ ጎማ እንደ ጥይት ጮኾ ፈነዳ። መኪናው አስፋልቱን አቋርጦ በወዲያኛው በኩል እርሻ ውስጥ ገብቶ ቆመ። በዚያች ደቂቃ ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና አልነበረም። የተረፉት ስለዚህ ብቻ ነው።

ትርፍ ጎማው ሲወርድ ነፋስ አልነበረውም። በሰው መኪና ተጭኖ የሄደውን የፈነዳ ጎማ ጎሚስታው አገላብጦ አየና በጎኑ ላይ የተጻፈ ቁጥር በጣቱ አሳያት። “እትዬ፣ ይህ ጎማ እኮ ከልጅዎ በዕድሜ ይበልጣል” አላት። እውነትም ጎማው አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ጥርሱ ገና ስላልበላ ደህና የሚመስል፣ በቅናሽ የተገዛ ያገለገለ ጎማ ነበር። ለልጇ የመንገድ ልብስ ሁለት ቀን ሙሉ የተጨነቀች እናት ልጇ የምትቀመጥበትን መኪና ጎማ አንድ ጊዜ እንኳ ጎንበስ ብላ አላየችም ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ለእርስዎ ለእናቶችና ለሠራተኞች የምናነሣው ጉዳይ የመካኒክነት ትምህርት አይደለም። መኪናን ለረጅም መንገድ ማሰናዳት የቤተሰቡ ሁሉ ሥራ መሆኑን፣ ብዙው ምርመራም በዓይን፣ በእጅና በጥያቄ ብቻ የሚፈጸም መሆኑን ለማሳሰብ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ይጀምሩ

መኪና በጉዞው ዋዜማ ወደ ጋራዥ አይወሰድም። የሚለወጥ ዕቃ ቢገኝ ገበያ ወጥቶ ለመፈለግ፣ ዋጋውን ከወር ደመወዝ ጋር ለማስማማት፣ ከተሠራም በኋላ ጥቂት ቀን በከተማ ውስጥ ነድቶ ለመሞከር ጊዜ ያስፈልጋል። አዲስ የተለወጠ ፍሬን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞከረው ቁልቁለት ላይ መሆን የለበትም። ለጉዞ ገንዘብ ሲመድቡ ከስጦታውና ከስንቁ በፊት የመኪናውን ድርሻ ያስቀምጡ።

የመጀመሪያው ሥራ ማጠብ ነው። የክረምት ጭቃ በጎማዎቹ ዙሪያና ከሥር ተጋግሮ ይደርቃል፤ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ የሚያንጠባጥብ ዘይትም ይሸፍናል። መኪናው ከታጠበ በኋላ ንጹሕ ቦታ ላይ ያቁሙትና ከሥሩ ካርቶን አንጥፈው ያሳድሩት። ጠዋት ካርቶኑ ላይ ጠብታ ካዩ የጠብታውን ቦታና ቀለም ለመካኒኩ ይንገሩት። ይህን ለማድረግ መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም።

ጎማ፣ ዕድሜውና ነፋሱ

በጎማው ጎን ላይ ከተጻፉት ፊደላትና ቁጥሮች መካከል በአንድ ሞላላ ክብ ውስጥ አራት አኃዞች ይገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ያመለክታሉ። ለምሳሌ 3518 የሚል ቢያነቡ ጎማው የተሠራው በ2018 በ35ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። ቁጥሩን በአንዱ ጎን ካጡት በሌላው ጎን ይፈልጉት። ጎማ ባይነዳም ያረጃል፤ ፀሐይና አየር ላስቲኩን ያደርቁታል። ብዙ የጎማ አምራቾች ጥርሱ ደህና ቢመስልም ከአሥር ዓመት በላይ የሆነውን ጎማ ለውጡት ይላሉ። በጎኑ ላይ መሰንጠቅ ወይም እንደ ዕባጭ ያበጠ ነገር ካለበት ግን ዕድሜውን መቁጠር አያስፈልግም፤ በዚያ ጎማ መንገድ አይወጣም።

ጥርሱን ለማየት ደግሞ በጎድጓዳዎቹ ውስጥ አለፍ አለፍ ብለው የተቀመጡትን ትናንሽ ጉብታዎች ይመልከቱ። የጎማው ጥርስ በልቶ ከጉብታዎቹ ጋር እኩል ከሆነ የቀረው ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ጎማው አገልግሎቱን ጨርሷል።

ነፋሱ የሚለካው ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ ማለትም በማለዳ ከመነዳቱ በፊት ነው። ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር ጠርዝ ወይም በነዳጅ መሙያው ክዳን ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ለሙሉ ጭነት የሚያስፈልገውም አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ተጠቅሷል። ብዙ ሰው ጎማ የሚፈነዳው ነፋስ ሲበዛበት ይመስለዋል። በመንገድ ላይ በብዛት የሚያስፈነዳው ግን የነፋስ ማነስ ነው። ነፋስ ያነሰው ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ጎኑ ይታጠፋል፤ መታጠፉ ያሞቀዋል፤ ጭነቱ፣ ፍጥነቱና የቆላው ሙቀት ሲደራረቡበት ውስጡ ይበጣጠሳል። የጋለ ጎማ ነፋሱ የበዛ መስሎ ቢታይ አያስተንፍሱት። ትርፍ ጎማውንም አብረው ያስለኩ፤ ክሪኩና የጎማ መፍቻው መኖራቸውንም ያረጋግጡ።

ምናልባት ጎማ ቢፈነዳ ፍሬን በድንገት አይረገጥም። መሪውን በሁለት እጅ አጥብቆ ይዞ፣ እግርን ከነዳጅ አንሥቶ፣ መኪናው በራሱ ፍጥነቱን እስኪቀንስ መታገሥና ከዚያ ወደ ዳር መውጣት ነው። የሚነዳው ማንም ይሁን ይህን ከጉዞ በፊት በቃል ተነጋገሩበት።

ራዲያተርና የድስቱ ክዳን

አዲስ አበባ ላይ ባቄላ ለመቀቀል ከቆላ ይልቅ ረጅም ጊዜ እንደሚፈጅ እናቶች ያውቃሉ። ምክንያቱ ከፍታው ነው። ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በመኪናው ሞተር ውስጥ የሚዞረውም ውኃ ለዚህ ሕግ ይገዛል። ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ እንደ ግፊት ድስት ክዳን እንፋሎቱን አምቆ የመፍያውን ልክ ከፍ ያደርገዋል። የክዳኑ ላስቲክ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ግን ሞተሩ በትንሽ ዳገት ይፈላል። ዋጋው አነስተኛ የሆነ ክዳን በጊዜው ባለመለወጡ የሞተር ራስ የተቃጠለበት ሰው ጥቂት አይደለም።

ይህ ችግር ብዙ ጊዜ የሚታየው በመመለሻው ነው። ከአዲስ አበባ በቢሾፍቱና በሞጆ አድርጎ ወደ ባቱና ሐዋሳ የሚወስደው መንገድ ሲሄዱ ባመዛኙ ቁልቁለት ነው። ሞጆ 1,800 ሜትር ገደማ፣ የባቱ አካባቢ ከ1,700 ሜትር በታች ናቸው። ስለዚህ ሲሄድ ያላስቸገረ መኪና ሲመለስ፣ ጭነቱ ጨምሮና ሁሉም ሰው ደክሞት ሳለ፣ ከሞጆ ወደ አዲስ አበባ ከ500 ሜትር በላይ ይወጣል። የሙቀት መለኪያው ከፍ ሲል ካዩ ወደ ዳር ወጥቶ ሞተሩን ማጥፋትና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። የጋለ የራዲያተር ክዳን በፍጹም አይከፈትም፤ የሚወጣው የፈላ ውኃ ፊትና ዓይን ያቃጥላል።

እግረ መንገድዎን ኮፈኑ ተከፍቶ ሳለ ቺንጊያውን ይመልከቱ፤ መሰንጠቅ ወይም መተልተል ከጀመረ ይለወጥ። የሞተር ዘይቱም ልክ ይታይ። እዚህ ላይ ለእናቶች አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለን። ለራዲያተር የሚጨመረው ቀለም ያለው ፈሳሽ ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፤ ነገር ግን ብርቱ መርዝ ነው። በለስላሳ ወይም በመጠጥ ውኃ ጠርሙስ ከቶ አይቀመጥ። የመኪናው ውኃና የልጆች መጠጥ ውኃ የተለያየ ቀለም ባላቸው ጀሪካኖች ይያዙ።

ፍሬንና መብራት

የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር የመሳብ ጠባይ አለው። ውኃ የገባበት የፍሬን ዘይት ፍሬኑ ሲግል ቶሎ ይፈላና በረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ገደማ እንዲለወጥ ይመከራል። መካኒኩን “የፍሬኑ ዘይት መቼ ተለወጠ? ሸራውስ ምን ያህል ቀረው?” ብለው ይጠይቁት። ሲረገጥ ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ ወይም መኪናውን ወደ አንድ ጎን የመሳብ ነገር ካለ ሳይሠራ መንገድ አይወጣም። በቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን ላይ ተኝቶ ከመውረድ ይልቅ በከባድ ማርሽ መውረድ የፍሬንን ዕድሜ ያረዝማል፤ የሰውንም እንዲሁ።

የመብራት ምርመራ የልጆች ሥራ ቢሆን መልካም ነው። መኪናው በእጅ ፍሬን ተይዞና ማርሹ ወጥቶ፣ ሾፌሩ ሲረግጥና ሲያበራ ልጁ ከጎን ራቅ ብሎ ቆሞ “ፍሬቻው ይሠራል፤ የኋላው ቀዩ አንዱ አይበራም” እያለ ይናገር። ልጅም ይማራል፤ መኪናውም ይፈተሻል።

ሲጭኑ ይመዝኑ

ብዙዎቹ ባለ አምስት መቀመጫ የቤት መኪናዎች ሰዎቹን ጨምሮ እንዲሸከሙ የተሠሩት ከ400 እስከ 500 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። አምስት አዋቂዎች እያንዳንዳቸው 65 ኪሎ ቢመዝኑ 325 ኪሎ ይሆናል። ለሻንጣ የሚቀረው ወደ መቶ ኪሎ ነው። በመንገድ ላይ የሚገዛው ግማሽ ኩንታል ሽንኩርት የአንድ ሰው ክብደት አለው። ከባቱ ዓሣ፣ ከመቂ ቲማቲምና ሽንኩርት መግዛት የቤት እመቤት ደስታ መሆኑን እናውቃለን። ሲሄዱ ለሚገዙት ቦታ ትተው ይሂዱ፤ ቦታ ከሌለ ደግሞ ርካሹ ሽንኩርት ይቅርብዎ።

ከባድ ዕቃ ከታች፣ ከኋላው መቀመጫ ጀርባ ተጠግቶ ይቀመጥ። ጣሪያው ላይ ቀለል ያለው ብቻ ይጫን፤ ጣሪያ ላይ የበዛ ክብደት መኪናውን በጥምዝ መንገድ ላይ ያንገዳግደዋል። የጭነቱ ገመድ ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ ስለሚላላ ቆሞ ማጥበቅ ያስፈልጋል። ቤንዚን በጀሪካን ከሰው ጋር አይጫንም።

ልጆችን በሚመለከት አንድ ልማዳችንን መተው ይኖርብናል፤ እርሱም ልጅን ጭን ላይ አድርጎ ፊት መቀመጥ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቶ በቅጽበት ቢቆም አሥር ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ከሁለት መቶ ኪሎ በላይ እንደሚመዝን ሆኖ ወደ ፊት ይወረወራል። ያንን ይዞ የሚያስቀር የእናት ክንድ የለም። ሕፃናት በራሳቸው መቀመጫ፣ ከፍ ያሉትም በቀበቶ ታስረው ከኋላ ይቀመጡ። አንድ ቀበቶ ለሁለት ልጅ አይሆንም። ሰው ከመቀመጫው ከበዛ አንዱ በአውቶቡስ ይምጣ። ቅር የሚለው ዘመድ ቢኖር ቅሬታው በቡና ይታረቃል።

የጉዞው ዕለት

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ካሰቡበት መድረስ ወርቃማው ሕግ ነው። ሲመሽ ከብት ከግጦሽ ይመለሳል፤ መብራት የሌለው ጋሪ አስፋልት ላይ ይወጣል፤ የተበላሸ የጭነት መኪና ድንጋይ ብቻ ከኋላው ተደርድሮለት ቆሞ ይጠብቅዎታል። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመሀሉ በየሁለት ሰዓቱ ቢያርፉ የሚጎድልብዎ ነገር የለም። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬን ተይዞ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን አይርሱ።

በእጅዎ በሚደርስ ቦታ የመጀመሪያ ርዳታ መስጫ ሣጥን፣ የእሳት ማጥፊያ፣ ባትሪ መብራት፣ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን ምልክትና በቂ ውኃ ይኑር። ሊብሬው፣ መንጃ ፈቃዱና የመድኑ ወረቀት በአንድ ኪስ ይሁኑ። ከሚሄዱበት አገር ላለ ዘመድ ደውለው ስለ መንገዱ ሁኔታ ይጠይቁ፤ የሚነሡበትንና የሚደርሱበትንም ሰዓት ይንገሩት።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና ያላቸው ቤተሰቦች በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እየበዙ መጥተዋል። ለእነርሱ የራዲያተሩና የዘይቱ ነገር ቢቀልም የጎማው፣ የፍሬኑና የጭነቱ ምክር አይለወጥም፤ እንዲያውም በባትሪው ምክንያት መኪናው ከባድ ስለሆነ ጎማው ይበልጥ ይታይ። ባትሪ መሙያ የት እንደሚገኝ ከመነሣት በፊት ይጣራ፤ ለመመለሻው ዳገትም ይታሰብ።

መኪናው የራስዎ ባይሆንም

መኪና የሌለን ብዙዎች ነን። ከሥራ ባልደረቦች ወይም ከጎረቤት ጋር ገንዘብ አዋጥተን ሚኒባስ እንከራያለን፤ ወይም በዘመድ መኪና እንሄዳለን። በሰው መኪና መሄድ ዓይንን አያስጨፍንም። ከመሳፈርዎ በፊት በመኪናው ዙሪያ አንድ ጊዜ ይዙሩ። ጎማውን፣ መብራቱን፣ የሰውን ብዛት ይመልከቱ። ሾፌሩን “ሌሊት ሲነዱ አድረዋል ወይስ ተኝተዋል?” ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነውር አይደለም። ገንዘብ የከፈለ ብቻ ሳይሆን ልጅ ያሳፈረ ሁሉ የመጠየቅ መብት አለው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ምርመራ ሳይሆን አንዲት ቃል መናገር ነው። ጓዙ ተጭኖ፣ ልጆቹ ተሳፍረው፣ አያት በደጃፍ ቆመው እየጠበቁ ሳለ ጎማው ደህና እንዳልሆነ ቢያዩ “ዛሬ አንሄድም” ለማለት ድፍረት ያስፈልጋል። አባወራው ሊቆጣ፣ ልጆቹም ሊያለቅሱ ይችላሉ። ዶሮው ተሠርቶ የሚጠብቅ ቤትም ይኖራል። ቢሆንም የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ በመንገድ ላይ የፈሰሰ ግን ሁልጊዜ አይለቀምም። አንድ ቀን የዘገየ እንግዳ ሲደርስ ቁጣው ይረሳና እልልታው ይቀራል።

እንግዲህ በዚህ ዓመት የልጆችዎን ልብስ ሲተኩሱ፣ ዳቦ ቆሎውን በዘንቢል ሲሞሉ፣ አንድ ጥያቄ ከአፍዎ አይጥፋ። ባልዎን፣ ወንድምዎን፣ ሾፌሩን፣ የሚነዱት እርስዎ ከሆኑም ራስዎን ይጠይቁ። መኪናውስ ተሰናድቷል? መልሱን በቃል ብቻ አይቀበሉ፤ ወጥተው፣ ጎንበስ ብለው፣ በዓይንዎ ይዩ።

መልካም መንገድ።